በሁለት ጾም መካከል የቆመች ግመል

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የክርስቲያኑ የሐዋርያት ጾምና የሙስሊሙ ረመዳን ገጠመ። ሱዳን ውስጥ፣ ወድ ኤል ሒለው አጠገብ የሰፈረው ስደተኛ የሚበላው ስላልነበረው ጾም መግባቱን ከቄሱና ከሼሁ ሰማ እንጂ ከሆዱ አልሰማም።

አየነውና ሙሐመድኑር ግን የምር ጾመኞች ነበሩ። መተማ ቆላ ላይ እርሻቸው ይዋሰን ነበር፤ ድርቁ ማሳውንም ድንበሩንም አንድ ላይ ሲያቃጥለው አብረው ተሰደዱ። አሁን ደግሞ አብረው ወደ ገዳሪፍ በእግር ይሄዳሉ። አየነው፣ ሚስቱ ውባየሁ ከወባ ስለዳነችለት፣ ስደተኛው ተሸክሞ ገዳሪፍ ላደረሰው የገብርኤል ታቦት የተሳለውን ጧፍ ሊያደርስ ነው። ሙሐመድኑር ከዚያ አለፍ ብሎ ካለ የአንድ ደግ ሼህ መቃብር ሄዶ ዝናብ ሊለምን ነው።

«የኔ ገብርኤል ቅርብ ነው፤ ያንተ ሼህ ምነው ይህን ያህል ራቀ?» አለ አየነው።

«እንዳንተ ያለ ለማኝ እንደሚበዛ አውቆ ነው ራቅ ብሎ የተቀበረ።»

ምድሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ረፋድ ላይ አድማሱ ይቀልጥና ዛፎቹ ከመሬት ተነስተው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሰው እየሄደ ይሁን ቆሞ ምድሪቱ በሥሩ እየሄደች ይሁን አይለይም። አየነው ጧፉን ከጨርቁ ቢፈታው እንደ በግ ቀንድ ተጠምዝዟል።

«ገብርኤል ይህን ሲያይ ምን ይላል?»

«መለከት መስሎት ይነፋዋል» አለ ሙሐመድኑር።

የተማመኑበትን ጉድጓድ ደርቆ አገኙት። ለሙሐመድኑር የማታ ማፍጠሪያ የሚሆን አንድ ጉንጭ ውሃ እንኳ ጠፋ። በማግስቱ ሙሐመድኑር ቀልድ አቆመ፤ አየነው የፈራው ያኔ ነው። ቅጠል የሌላት ግራር ሥር ጓደኛውን አስቀመጠው። ላቡ ደርቋል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«መስጊድ ታየኝ» አለ ሙሐመድኑር በሰለለ ድምፅ።

በእርግጥም ከሩቅ አንድ ነጭ ነገር ውሃ በመሰለው አየር ውስጥ ይዋኛል።

«ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ! ጉልላቱ አይታይህም?»

«ጉልላት እኛም አለን።»

ክርክሩ ሳይቋጭ ሕንፃው አንገቱን አዞረ። ነጭ ግመል ነበረች፤ ግልገሏ ከኋላዋ፣ ሱሩር የሚባል የአገሬው ሽማግሌ ከፊቷ።

ሱሩር ውሃ አልነበረውም። በሽተኛውን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ግመሏን በእንጨት ቆሬ አለባት። «ያ ዞል! አንተ ሰው፣ ጠጣ!» አለው በዓረብኛ።

ሙሐመድኑር ፊቱን አዞረ። «ጾሜን ፈትቼ በምን ዓይኔ ዝናብ እለምናለሁ?»

«መንገደኛና በሽተኛ ይፈታል ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለ አየነው።

«እሱ ለሌላው መንገደኛ ነው። እኔ አልፈታም ብዬ ተስያለሁ።»

ሱሩርም ተቆጣ፣ በቁርዓን ለመነው። አልሰማም። አየነው የጓደኛው ዓይን ወደ ውስጥ ሲሰምጥ አየ፤ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ እንደሚሞት ገባው።

«እሺ፣ ምን ባደርግልህ ትጠጣለህ?»

ሙሐመድኑር ፈገግ አለ። «አንተ ከጠጣህ።»

የአየነው አገር ክርስቲያን ከግመል ወተት ሞትን ይመርጣል። የጠጣ ሰልሟል ይባላል፤ የቄደር ጥምቀት ሳይጠመቅ ከማኅበሩ አይቀላቀልም። ጾሙም አለ፤ የላም ወተት እንኳ ቢሆን አይነካም። ሙሐመድኑር ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ክርክሩን የረታ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

አየነው ማተቡን ከአንገቱ ፈትቶ የጓደኛው አንጓ ላይ አሰረው።

«ያዝልኝ። የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ማተቡ አይጠጣም።»

ቆሬውን አንስቶ ተጎነጨ። ሞቅ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ነበር። መብረቅ አልወረደም። ግመሏ ማመስኳቷን እንኳ አላቋረጠችም።

ሙሐመድኑር ዓይኑን ሲገልጥ አረፋ ያነጣው ጢም ከፊቱ ተገተረ። አለቀሰ፤ ለእንባ የሚሆን ውሃ ከየት እንዳመጣ አላህ ይወቅ።

«አንተ ጉደኛ! እንግዲህ ማናችን ነን ገሃነም የምንገባ?»

«አብረን ነዋ፤ አብሮ መሄዱንማ ለምደነው የለ! ጠጣ አሁን!»

ጠጣ። ማታ ሱሩር ድንኳን አድረው፣ ሲበረታ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

የታቦቱ የሣር ጎጆ ሲደርሱ ሙሐመድኑር ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠ። አየነው በሩ ላይ ቆሞ ለንስሐ አባቱ ለአባ ገብረ ሥላሴ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ማተብህስ?» አሉት።

«እሱ ይዞልኛል።»

አባ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቁ። ሙሐመድኑር በአንድ እጁ መቁጠሪያውን ይዟል፤ ማተብ የታሰረበትን ሌላውን እጁን አቧራ እንዳይነካው እንደ ሕፃን አቅፎታል። አባ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይጣፍጣል?» አሉት።

«ጨው ይበዛዋል፣ አባቴ።»

«ቀኖናህ ይህ ነው፤ ሰውየውን ሼሁ መቃብር ድረስ አድርሰው። ሰግዶ እስኪወጣ ጫማውን ጠብቅ። ስትመለስ ቄደር ትጠመቃለህ፣ ጧፉም ያኔ ይበራል።» ጨርቁን ገለጡት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጧፍ ነበረ።»

አየነው መቃብሩ ደጅ ተቀምጦ አንድ ጥንድ በረባሶ እንደ ንዋየ ቅድሳት ጠበቀ። ሙሐመድኑር ወጥቶ ጎኑ ተቀመጠ።

«ምን አልከው?»

«ዝናብ ለመንኩ። የፈታሁትንም ቀን ከረመዳን በኋላ እጾማለሁ አልኩ።»

«እኔም አብሬህ እጾማለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?»

«ኧረ ተወኝ፣ የምበላውስ የታለ?»

ሙሐመድኑር ማተቡን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። አየነው መለሰው። «እስክጠመቅ አንተው ጋ ይቆይ። ካንተ አንጓ የት ይሄዳል?»

በምሥራቅ፣ በአገራቸው በኩል፣ አንዲት ነጭ ነገር ከአድማሱ ብቅ አለች። ሁለቱም ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱም ተዉት።

«ምን ትመስልሃለች?» አለ ሙሐመድኑር።

«ግመል።»

«ለኔም ግመል ናት የታየችኝ።»

ግመሏ ሰማዩ ላይ እየሰፋች፣ ቀስ እያለች ጠቆረች። ነፋሱም ከወደዚያ የራሰ መረሬ ሽታ ይዞ መጣ።