ሰገነት ያስጠናችው ፈተና

ፍቃዱ በቴሌኮሙኒኬሽን ኔትወርክ ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሌላውን ሁሉ እንደ ምንም ተሻግሮ እዚች አንዲት ኮርስ ላይ ሲደርስ እግሩ ተያዘ። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ዩኒቨርሲቲው እንደሚያሰናብተው ስለተነገረው፣ እስከ ፈተናው ድረስ ቤቱ ሆኖ ሊያጠና ከደጋው ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ።

አስጠኚ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ሚስቱ ሰገነት የክፍል ጓደኛው ነበረች፤ ያንኑ ኮርስ ገና በመጀመሪያው፣ ያውም ከክፍሉ አንደኛ ሆና አልፋዋለች። ልጃቸውን ልዑልን ስታረግዝ ግን ለምረቃ አንድ መንፈቅ ሲቀራት አቋርጣ አማቷ ቤት ገባች። "ልጁ ጡት ሲጥል ትመለሻለሽ" ያላት ራሱ ፍቃዱ ነው። ልጁ ጡት ጣለ፣ ሮጠ፣ አፉን ፈታ፤ እሷ እዚያው ናት።

የሮቢት ፀሐይ ከረፋድ በኋላ ስለማያስቀምጥ ጠዋት ጠዋት ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ያጠናሉ። አማቷ እትዬ አሰገደች ደጃፉ ላይ ማሾ እየለቀሙ ይሰሟቸዋል።

"በሰዓት ሠላሳ ሰው ቢደውልና እያንዳንዱ አራት አራት ደቂቃ ቢያወራ የመስመሩ ጭነት በኧርላንግ ሲለካ ስንት ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"መቶ ሃያ።"

"እሱ ደቂቃው ነው። ወደ ሰዓት ለውጠው።"

"እህ፣ ሁለት። እንግዲያው ሁለት መስመር ይበቃዋል።"

"አይበቃውም። ሰው ተራ ጠብቆ አይደውልማ። የገበያ ቀን ባጃጅ ተራ ቆመህ እይ። ቀኑን ሙሉ ሲታሰብ ሁለት ባጃጅ ይበቃ ይሆናል፤ ገበያው ሲፈታ ግን አምስት ሰው ባንዴ ይመጣል። ሁለቱ ይሳፈራሉ፣ ሦስቱ ተስፋ ቆርጠው በእግራቸው ይሄዳሉ። እነዚያ የሄዱት ያልተሳኩ ጥሪዎች ናቸው። ስንቱ ቢሄድብህ እንደምትችል ሳታስብ የመስመሩን ብዛት አትወስንም።"

ፍቃዱ የባጃጁን ምሳሌ ደብተሩ ላይ ጻፈ። "መምህሩ እንዲህ አድርጎ ቢያስረዳን ኖሮ…"

"አስረድቶን ነበር። አንተ ኋላ ተቀምጠህ ኳስ ታወራለህ።"

ሁለቱም ሳቁ። "ልጄን አታድክሚው፤ ይልቅ ቁርሱን አቅርቢለት" አሉ እትዬ አሰገደች። ሰገነት ተነሥታ አቀረበች። ቢሆንም እነዚያን ጠዋቶች ትወዳቸው ነበር፤ ዝገት ያጋባ የመሰላት ጭንቅላቷ እንደገና ሲሠራ ይታወቃታል።

ለፈተናው ሲሄድ አብራው ልትሄድ ነበር። ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት ያለፈው ተማሪ መመለስ እንደማይፈቀድለት ታውቃለች፤ የእሷ ሁለት ዓመት የሚሞላው ደግሞ በዚያው ወር ነው። ለመመዝገብ ስትሰናዳ ልዑል በወባ ተያዘና ጤና ጣቢያ ተኛ። ፍቃዱን እዚያው በር ላይ ያዘችው።

"ሬጅስትራር ግባና ልትመለስ ትፈልጋለች ብለህ አስመዝግበኝ። በስልክ አያስተናግዱም። አደራህን።"

"እሺ አልኩሽ እኮ" አላት።

ፈተናውን ጨርሶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። የእሷን ጉዳይ ስትጠይቀው "ይደውሉልሻል" አለና ልጁን አቀፈ። እሷም ስልኳን ከእጇ ሳታወጣ ሰነበተች።

የመጣው የሱ ውጤት ነው። አለፈ። እትዬ አሰገደች በግ አሳርደው ጎረቤት ጠሩ። "የተሳልኩት ስለት ሰመረልኝ" እያሉ ለመጣው ሁሉ ተናገሩ። ፍቃዱ የእናቱን ጉልበት ስሞ "እውነት ነው፤ የናቴ ጸሎት ነው ያሳለፈኝ" አለ። ሰገነት ወጥ ይዛ ስትገባ አያትና ጨመረ፦ "እሷም አልተኛችም፤ ስታበላኝ ከርማለች።" እንግዶቹ መረቋት። ሰገነት አሜን ብላ ወጡን አወጣች።

በማግስቱ ልብሱን ስትሰቅል ጠየቀችው።

"ሬጅስትራሮቹ ምን ነበር ያሉህ? ቃል በቃል ንገረኝ።"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ተዘግቶ ነው?"

"ክፍት ነበር። በሩ ድረስ ሄጃለሁ።" ዓይኑን ከልብሱ ላይ አላነሣም። "እኔ ወድቄ ስባረር፣ አንቺ ደግሞ ስትመረቂ ታየኝ። እዚህ ቤት በምን ፊቴ ልገባ ነበር? ውጤቱን ካየሁ በኋላ እሄድልሻለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ጊዜው አለፈ።"

ሰገነት ልጁን አዝላ ባገኘችው መኪና ወደ ዩኒቨርሲቲው ወጣች። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ ሲመታው ልዑል አለቀሰ፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። ሬጅስትራር ያለችው ሴት ስሟን ፈልጋ አገኘችው፤ ውጤቷንም አይታ ከንፈሯን መጠጠች። "እንዲህ ያለ ነጥብ ይዘሽ የት ቆየሽ? ባለፈው ሳምንት እንኳ መጥተሽ ቢሆን እመዘግብሽ ነበር፤ አሁን ሁለት ዓመቱ አልፎብሻል" አለቻት። ሰገነት አመስግናት ወጣች።

ፍቃዱ ክረምቱ ሳይገባ የስልክ ማማ የሚተክል ኩባንያ ቀጠረውና ሌላ ከተማ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለላት።

"ነገ የሥልጠና ፈተና አለብኝ። ሰው እያወራ በመኪና ሲሄድ፣ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ጥሪው የሚቋረጠው ለምንድን ነው? ሞገዱ ደክሞ ነው ብዬ ልጽፍ ነው።"

ልትዘጋበት ፈለገች። መልሱ ግን ጎደሎ ነበር፤ ጎደሎ መልስ ሰምታ ማለፍ ደግሞ አልሆነላትም።

"እሱ ብቻ አይደለም። ሞገዱ ደህና ሆኖ፣ የሚደርስበት ማማ መስመሮቹ ሁሉ ከተያዙ ይቋረጣል። ለዚህ ነው በየማማው ጥቂት መስመር ለተሻጋሪ ጥሪ ተብሎ የሚቀመጠው። አዲስ ደዋይ ቢመጣም አይሰጠውም።"

"ደግመሽ በይልኝ፤ እየጻፍኩ ነው።"

ደገመችለት።

"አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?" አላት።

"እዚህ ትሆን ነበር፤ እኔ ባለሁበት።"

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ፈተናው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችውና ስልኩን ዘጋች።