ፖር ምን ማለት ነው

እና ፖር ቲ አለች፣ ፓራ ቲ አላለችም፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ፓራ ብትል ኖሮ ለአንቺ ማለት ነው፣ ያንን አውቀዋለሁ፣ ፓራ ማለት ለ፣ ፖር ግን በምክንያት ነው፣ ስልኩ ላይ ስፓኒሽ የምታስተምረው ሴትዮ እንደዚያ ነው ያለችው፣ ፖር ዝናቡ ቤት ቀረን፣ በዝናቡ ምክንያት፣ እና አሁን እህቴ ማራኪ ከስንት ዓመት በኋላ ሆሳዕና መጥታ፣ ሳሎናችን ተቀምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች አንድ ረጅም ነገር ትናገራለች፣ እኔ የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ነው። ኤስፓኛ፣ ፖር ቲ። ስፔን። ባንቺ ምክንያት።

ቅቤ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገብቻለሁ። ቅቤው እጄ ላይ ነው። አልወጣም።

እውነቷን ነው እኮ። አባታችን ሲሞት እሷ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ጡት ላይ ነኝ፣ እናቴ ለሁለታችን አልበቃ አለች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ ለጉዲፈቻ አይሰጥም፣ የሚሰጠው ጫማ አድርጎ መኪና ድረስ መራመድ የሚችለው ነው። ማንም ቤት ውስጥ ባንቺ ምክንያት ብሎኝ አያውቅም፣ ቦኖ ውሃ ጋ ግን አንዲት ጎረቤታችን፣ አንቺ ባትወለጂ እኮ እዚህ ወረፋ የምትጠብቀው እሷ ነበረች፣ አለችኝ፣ ስቃ ነው ያለችው፣ እኔም ሳቅኩ፣ ጀሪካኑን አንስቼ እየሳቅኩ ሄድኩ።

ብርቅዬ! ቅቤውን ልትንጪው ነው እንዴ የገባሽው? አጎቴ ቲቶ ነው። መጣሁ እላለሁ፣ ድምፄ ጓዳው ውስጥ ይቀራል።

ለክብር እንግዳ የሚሠራው አታካና ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቡላው በወተት ተገንፍሎ ይጨሳል፣ እናቴ ቅቤውን ተቀብላኝ ታፈስበታለች። አስተርጓሚው ሚክያስ የለም፣ የማራኪን የስፔን እናት ሆዷን አሟት ክሊኒክ ወስዷታል፣ ስለዚህ ሁሉም እኔን ያያሉ፣ እኔን፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት የሚያቅተኝን፣ ስምንተኛን እንኳን በስንት መከራ የጨረስኩትን። በይ ንገሪያት እንጂ ይላል ቲቶ፣ ክረምቱን ሙሉ የኔን ዳታ የጨረሽው ለዛሬ አይደል?

ምን ልበል፣ ይሄ ቡላ ነው፣ ቡላን በምን አፌ፣ ቅቤ ያለው ነው ልበል፣ ቅቤን አውቃለሁ። ኤስቶ፣ እላለሁ፣ ሲን ማንቴኪያ።

ማራኪ ሳህኑን ታያለች። ቅቤው ዳር እስከ ዳር ይዋኛል። እኔን ታያለች። ሲን? ትላለች፣ ከዚያ ትፈነዳለች፣ የእናቴ ሳቅ ነው፣ ያው ራሱ፣ አፏን በመዳፏ የምትሸፍነው ሳይቀር፣ ኖ፣ ኮን! ኮን ማንቴኪያ! ምንድነው ያልሻት ይላል ቲቶ፣ ቅቤ የለውም አልኳት፣ ኧረ ጉድ! አንድ ኪሎ የሆመቾ ቅቤ አቅልጠን! ሁሉም ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ፖር ቲ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

መስተዋድድ ነው የሚባለው፣ መምህር ኤሊያስ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ያስዘመሩን፣ ከ በ ለ ወደ ስለ እንደ፣ ብቻቸውን ትርጉም የላቸውም ልጆች፣ ጻፉ። በአማርኛ ከፊት ትለጠፋለች፣ እኛ ቤት በሀዲይኛ ከኋላ ትለጠፋለች፣ በስፓኒሽ ግን ማንንም ሳትይዝ ለብቻዋ ትቆማለች፣ ለዚህ ነው የምታመልጠኝ፣ ፈጥነው ሲናገሩ ትንሿ ቃል መሀል ላይ ትረገጣለች፣ አሁን እኔ የረገጥኩት ምን ነበር፣ ኤስፓኛ ከማለቷ በፊት የሆነ ነገር ነበር፣ አንድ ዴ የሚል ነገር፣ ልጠይቃት? በየትኛው ቃል ልጠይቃት፣ ደግሞ አዎ ብትለኝስ።

እናቴ ማንኪያውን ታስቀምጣለች።

ኧረ አይሆንም፣ አሁን አይደለም፣ ፊቷን አውቀዋለሁ። የማራኪን እጅ ትይዛለች። እናቴ ከእኛ ጋር ሀዲይኛ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ግን አማርኛ ነው፣ እንግዳ የሆነ ሁሉ አማርኛ የሚሰማ ይመስላታል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እንኳን፣ የገዛ ልጇ እንኳን። ልጄ፣ ትላለች፣ ስለ ጌታ ብለሽ ይቅር በይኝ።

ቲቶ ጣሪያውን ያያል። ማራኪ ወደ እኔ ትዞራለች። ኬ ዲሴ? ምን አለች?

እኔ ነኝ የምነግራት። ሌላ ሰው የለም። ማማ ዲሴ፣ እላለሁ፣ ፔርዶን፣ ፔርዶን፣ ይቅር በይኝ አለች፣ ግን ግማሹ ቀረ፣ እናቴ ይቅር በይኝ ብቻ አላለችም፣ ስለ ጌታ ነው ያለችው፣ ይሄን ቀን ስትጠብቅ ጸጉሯ ሸብቷል፣ አንዲት ቃል ልቀንስባት አልችልም፣ ስለ፣ ስለ፣ ፓራ ዲዮስ? ለጌታ ይሆናል፣ ጌታ ምን ጎድሎት፣ ኮን ዲዮስ፣ ከጌታ ጋር፣ እሱም አይደለም፣ ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ፣ አፌ ራሱ ይቀድመኛል። ፖር። ፖር ዲዮስ።

ቆይ።

ፖር ዲዮስ ነው ያልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እናቴ ደግሞ በጌታ ምክንያት አላለችም፣ ጌታን አልከሰሰችም፣ ስለ ጌታ ነው ያለችው፣ ታዲያ ፖር ስለ ነው፣ ስለ! ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮም አልዋሸችም፣ ስለዘነበ ቤት ቀረን፣ ያም ስለ ነው፣ ስለ ጌታ፣ ያም ስለ ነው፣ አንዷ ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች፣ እኔ ግን ክፉውን ብቻ አራግፌ ወሰድኩ።

ማራኪ የእናቴን እጅ ጉንጯ ላይ ታደርጋለች። ያ ኤስታ ማማ፣ ያ ኤስታ። መስተዋድድ የለበትም፣ ትምህርቱ ላይም አልደረስኩበትም፣ ግን ይገባኛል፣ በቃ፣ አለፈ ነው፣ ለእናቴም ይገባታል፣ አልተረጉምላትም፣ ትከሻዋ ሲወርድ አየዋለሁ።

አሁን። አሁን ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅም። ኤስፓኛ፣ እላለሁ፣ ድምፄ ለራሴ አይሰማኝም፣ ኤስፓኛ፣ ፖር ሚ?

ፊቷ ይለዋወጣል። መጀመሪያ አልገባትም፣ ከዚያ ገባት፣ ምን እንደሰማሁ፣ ምን ይዤ ጓዳ እንደገባሁ። ኖ፣ ትላለች፣ ኖ ኖ ኖ። ዴስዴ ኤስፓኛ። ዴስዴ።

አላውቃትም ይቺን፣ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ጣቶቿን ጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ታቆማለች፣ እንደ ሰው እግር፣ ኤስፓኛ፣ ትላለች፣ ጣቶቹ መሄድ ይጀምራሉ፣ ዴስዴ፣ ዴስዴ፣ የአታካናውን ሳህን ይዞራሉ፣ የቲቶን ክርን ያልፋሉ፣ ቲቶ ክርኑን ያነሳላቸዋል፣ ጠረጴዛው ያልቅባቸዋል፣ ይዘላሉ፣ ጉልበቴ ላይ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ። ፖር ቲ።

ከ ነው። ዴስዴ ከ ነው። ከስፔን፣ ስላንቺ። ከዚያ ድረስ፣ ስላንቺ ብዬ መጣሁ።

እስከዛሬ እንዴት ነበር የምተነፍሰው እኔ?

ምን አለች? ይላል ቲቶ፣ ኧረ ንገሪን፣ ምን አለችሽ? እናቴም አንገቷን አስግጋ ታየኛለች፣ እነግራቸዋለሁ፣ በአማርኛም በሀዲይኛም እነግራቸዋለሁ፣ ቆይ አጎቴ፣ ትንሽ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልስማው