የመሀረቡ ባለቤት

አገር ምድሩ «አባ መሀረብ» ይለዋል። በየእሁዱ በቴሌቪዥን በሚታየው ኮሜዲ ላይ የድሃው ቤተሰብ አባት ሆኖ የሚሠራው እሱ ነው። ድራማው ሌላ ጉዳይ የለውም፤ አንድ ሀብታምና አንድ ድሃ ቤተሰብ በልጆቻቸው ምክንያት ይዛመዱና በየልደቱ፣ በየምርቃቱ እየተገናኙ ሲናናቁ ይውላሉ። ድሃው አባት የሀብታሞቹ ሶፋ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከኪሱ መሀረብ ያወጣል፣ ያራግፈዋል፣ ሶፋው ላይ ያነጥፈዋል፣ አራቱንም ጫፍ በጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ያስተካክላል፣ ከዚያ በግማሽ ቂጡ ቁጢጥ ይላል። ይኸው ነው። ሰው በዚህ በሳቅ ይፈርሳል። ሕዝብ የሚስቅበትን አይቶ ሕዝብን አለመናቅ ከባድ ነው፤ ተዋናዩም አልሞከረው።

በየቃለ መጠይቁ «ይቺን የመሀረብ ነገር ከየት አመጣሃት?» ሲሉት አገጩን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ «የረጅም ጊዜ ጥናት ውጤት ናት» ይላል። ጥናት! ጥናቱ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ወንድምየው ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ቱታውን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶም ግሪሱ የለቀቀው አይመስለውም። ሾፌር ወንበር ላይ ሲወጣ ጨርቅ ያነጥፍ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰው ቤት ሲሄድ መሀረብ። የሰው ወንበር አቆሽሾ መነሳት ለሱ ከስድብ የባሰ ነውር ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላረፉ ታናሹን አብልቶ፣ አልብሶ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው እሱ ነው። ታናሹ ከዚህ ሁሉ መርጦ የወሰደው መሀረቡን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይኸኛው ግን በቴሌቪዥን መብራት ሥር ሲታይ ደህና አድርጎ ያደምቃል።

አሁን የተዋናዩ ልጅ ልታገባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ቤተሰቦች በእጮኛዋ ወላጆች ቤት ሊተዋወቁ ተቀጣጥረዋል። ተዋናዩ ብቻውን መሄድ ነበር ሐሳቡ። ልጅቷ ግን አሻፈረኝ አለች። እሱና እናቷ ሲፋቱ፣ እሱ ልምምድ ላይ ነኝ እያለ ሲጠፋ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሳት ትልቁ አጎቷ ነው።

«ጋሼ ካልመጣ እኔም አልሄድም» አለች። «ስለኔ የሚናገረው እሱ ነው።»

ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ታክሲ ተሳፈሩ፤ ልጅቷ ከፊት፣ ወንድማማቾቹ ከኋላ። ወንድምየው የታክሲው ወንበር ላይ ሳይቀር መሀረቡን አንጥፏል። ተዋናዩ ይህን አየ። የእጮኛዋ ወላጆች ድራማውን አንድ እሁድ አምልጧቸው አያውቅም፤ ይህ ሰው ፊታቸው እንዲህ አድርጎ ከተቀመጠ የጥናቱ ነገር አበቃለት።

«ወንድም ጋሼ።»

«አቤት።»

«የነዚህ ሰዎች ሶፋ… የሚታጠብ ነው አሉ።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ማለቴ፣ ምንም ማንጠፍ አያስፈልግም።»

ወንድምየው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «የሚታጠብ ከሆነማ የሚያጥበው ሰው አለ ማለት ነው» አለ። ሲደርሱም መሀረቡን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የእጮኛዋ አባት ሴራሚክ አስመጪ ነው። ቤቱን ከደጅ እስከ ጣሪያ ራሱ ባስመጣው ሴራሚክ ለብጦታል፤ ሳሎኑ ከመታጠቢያ ቤቱ የሚለየው ሶፋ ስላለው ብቻ ነው። ሶፋው ነጭ ነው። እንዲህ ነጭ የሆነ ነገር ለመቀመጫ ሳይሆን ሰው ለማሳቀቂያ የተሠራ ነው። ሰውየው ትናንት ሰፈር ውስጥ ሚስማርና ማጠፊያ የሚቸረችር ነበር፤ ዛሬ ግን፣ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው፣ ሲራመድ እንኳ ሰው መንገድ እንዲለቅለት ይጠብቃል።

«አባ መሀረብ! እውነት እርስዎ ነዎት!» ሚስትየው በሩ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ተዋናዩን አቅፋ፣ ልጅቷን ስማ፣ ወንድምየውን ደግሞ በጣቶቿ ጫፍ ጨበጠችው። ጨብጣም ጣቶቿን አየት አደረገቻቸው። «ያቺ ድራማው ላይ ያለችው ሀብታም ሴትዮ ግን አበዛችው! እንደሷ ሰው የሚንቅ በእውነት አለ?» እያለች ለሠራተኛዋ በዐይኗ ጠቀሰቻት። ሠራተኛዋም ለወንድምየው የመጣውን ባለወርቅ ብርጭቆ ከትሪው ላይ አንስታ በተራ ብርጭቆ ተካችው።

ተዋናዩ ጥግ ላይ ያለ የእንጨት ወንበር አይቶ ነፍሱ መለስ አለች። «ወንድሜ ወገቡን ያመዋል፤ ለሱ ጠንካራ ወንበር ነው የሚስማማው» ብሎ ወደዚያ ሊመራው ሞከረ።

«በሞትኩት! እንግዳ በእንጨት ወንበር? ምን ቆርጦን!» ሴትዮዋ ሽማግሌውን ክንዱን ይዛ ነጩ ሶፋ ፊት አቆመችው።

ወንድምየው ሶፋውን አየ። እጁ ወደ ኪሱ ገባ። መሀረቡን አወጣ፣ አራገፈ፣ አነጠፈ፣ አራቱን ጫፍ በጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አስተካከለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስመጪው ጭኑን እየመታ ሳቀ። እጮኛዋ እንኳ፣ ያ ጨዋ ነው የተባለው፣ እየተንፈቀፈቀ ግድግዳ ተደገፈ።

«ቤተሰቡ በሙሉ ተዋናይ ነው እንዴ!» አለች ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች፤ ስልኳንም አወጣች። «ወይኔ፣ አልቀረጽኩትም! አባባ፣ በእናትዎ አንዴ ይድገሙልኝ!»

«እየቀለደ አይደለም» አለች ልጅቷ። «እሱ ሁሌም እንደዚህ ነው።»

«ባይቀልድማ ምን ያስቃል!» አለች ሴትዮዋ።

ወንድምየው ጎንበስ እንዳለ አንገቱን መልሶ ታናሹን አየው። ሁሉም ተዋናዩን አየው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ይቺ የወንድሜ ናት፣ እኔ ነኝ የወሰድኩበት» ቢል ሳቁ ያቆማል፣ ስልኩም ወደ ቦርሳ ይመለሳል። ተዋናዩ ቃሏን አፉ ውስጥ አገላበጣት። ሰዎቹን ከልቡ ይንቃቸዋል፤ ሴራሚካቸውን፣ ብርጭቋቸውን፣ ሳቃቸውን ይንቃል። ያም ሆኖ እነዚህ የሚንቃቸው ሰዎች እንዳይንቁት ፈራ። ከዚህ የረከሰ ፍርሃት የለም። የቴሌቪዥን ሳቁን ሳቀና፣

«ድገምላቸዋ፣ ወንድም ጋሼ! ምን ችግር አለው!» አለ።

ወንድምየው ደገመላቸው። መሀረቡን አነሳ፣ አራገፈ፣ አነጠፈ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጥፍሮቹ ሥር የቀረው ግሪስ ነጩ ሶፋ ላይ ሲታይ የበለጠ ጠቆረ። ሴትዮዋ አስጠግታ ቀረጸች። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሽማግሌው ግን አልተቀመጠም። መሀረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ወንድሜ እንዳላችሁ ወገቤን ያመኛል፤ መቆም ይሻለኛል» አለ። ቆሞም ስለ ልጅቷ ተናገረ። «ልጃችን ሰው ናት። ሰው አድርጋችሁ ያዟት። ሌላ የምለው የለኝም።» እነሱ ኬካቸውን ሲበሉ፣ አስመጪው ስለ ወደብ ሲያወራ፣ እሱ ተራውን ብርጭቆ ይዞ እንደቆመ ጉብኝቱ አለቀ።

ታክሲው በር ላይ ሲጠብቃቸው ተዋናዩ ወንድሙን ክንዱን ያዘው። «እነዚህ እኮ ባለጌዎች ናቸው፣ ወንድም ጋሼ። ከቁም ነገር እንዳትቆጥራቸው።»

ወንድምየው መሀረቡን አውጥቶ ሰጠው። «እንካ።»

«ምን ላድርገው?»

«መተዳደሪያህ ነው። ድራማው የጀመረ ሳምንት ነው ያወቅኩት፤ ጋራዡም በሙሉ ያውቃል። ወንድሜ እንጀራ አገኘበት፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የነዚህ ሳቅ ምንም አይደል፤ አያውቁኝም። አንተ ግን ታውቀኛለህ።»

ከዚያ የታክሲውን የኋላ በር ከፍቶ ምንም ሳያነጥፍ ተቀመጠ። ልጅቷ ከጎኑ ገባችና በሩን ዘጋችው። አባቷን አላየችውም። ታክሲው ሄደ።

ተዋናዩ መሀረቡን እንደያዘ አስፋልቱ ዳር ቀረ።

«አባ መሀረብ!» አለች ሴትዮዋ ከደጃፏ እየሮጠች፣ ስልኳን ከፊቷ አስቀድማ። «ፎቶ ሳንነሳ የት ሊሄዱ ነው! ውይ፣ መሀረቡንም ይዘውታል! ከፍ ያድርጉት፣ እንዲታይ።»

ከፍ አደረገው።