የግራ እጅ ቋጠሮ

እትዬ ቋጠሮ ነገር ሲሸታት አውራ ጣቷ ያሳክካታል፤ ያውም የሌለው። ያን ጠዋት ምራቷ ከገበያ ያመጣችውን አንሶላ አልጋው ላይ ስትዘረጋ የሌለው ጣት ነደዳት።

«እስቲ ይዳስሱት እማማ፣ እንደ ሐር ነው! የውጭ ነው!» አለች ምራት፣ ራሷ የሸመነችው ይመስል እየተኩራራች። «ከእናንተ ፋብሪካ ሻካራ ጋር አይገናኝም።»

አሮጊቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ገለበጠችው። ጨርቅ ሁልጊዜ የምታየው ከጀርባው ነው። ከጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቋጠሮ አለች፤ ክር ሲበጠስ ሸማኔዋ ማሽኑን አቁማ የምትቋጥራት። ጅራቷ ወደ ግራ ተኝቷል።

የእትዬ ቋጠሮን ቀኝ አውራ ጣት ማሽን የበላው ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ነው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት በግራ እጇ ትቋጥራለች። በሽመና ክፍሉ የሌላው ሁሉ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ሲተኛ የእሷ ብቻ ወደ ግራ ይተኛል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ።

የፋብሪካው ምልክት የሆነው ሰማያዊ ክር ያለበትን ጠርዝ ፈለገች። ተቆርጧል። በላዩ ተጠቅልሎ ተሰፍቷል፤ ጥጉ ላይ የባዕድ ፊደል ተለጥፏል።

«ማነው የሸጠልሽ?»

«ባለሱቁ ነዋ! ደግሞ ምን ጠረጠሩ? እርስዎ እኮ ጥላዎንም ይጠረጥራሉ።»

«ጥላዬ ጠርዝ አልቆረጠም» አለችና አንሶላውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችው።

ከሰዓት በፋብሪካው አዳራሽ ስብሰባ ነበር፤ የሽመና ክፍሉ ይዘጋ አይዘጋ የሚቆረጥበት። ከተዘጋ ማሽኖቹ ለቁራጭ ብረት፣ እሷና ስልሳ ሴቶች ወደ ቤታቸው። ከላይ የተላከው ባለሙያ፣ የጥጥ ብናኝ ጫማውን እንዳይነካው በእግሩ ጣት የሚራመድ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር እያሳየ የአገር ኢንዱስትሪ የወደቀው ሕዝቡ የአገሩን ምርት ስለጠላ ነው አለ።

«የወደቀው መለዋወጫ ስላጣን ነው!» ብላ አንዷ ፈታይ ብድግ አለች። «ማሽኔን በጫማ ማሰሪያ አስሬ ነው የማሠራው!»

«ለውጭ ዕቃ በሩን ማን በረገደው?» አለ ከኋላ መካኒኩ።

ጫጫታ ሆነ።

«ሁሉም ይሁን» አለ ባለሙያው፣ «መጋዘናችሁ ግን ጢም ብሏል። የሚገዛ የለም። የንብረት ኃላፊው ይመስክሩ።»

«እስከ ጣራው!» አለ ወፍራሙ የንብረት ኃላፊ። «ስምንት ወር ሙሉ አንድ ጣቃ አልወጣም።» ይህን ብሎ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። እትዬ ቋጠሮ መሐረቡን አየችው። በዚህ ብርድ!

ተነሳች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያን የሚወርድ መስመርህንም አላነብም። ይህን ግን አነባለሁ» ብላ አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ከገበያ የተገዛ ነው። ቋጠሮው የእኔ ነው። ክሩም ባለፈው ወር የገባው አዲሱ ክር ነው። አንድ ጣቃ ካልወጣ ይህ በእግሩ ሄደ?»

«እናቴ፣ ቋጠሮ ማስረጃ አይሆንም» አለ ባለሙያው። « ማንም ይቋጥራል።»

«እንግዲያው ማንም ይቋጥር!»

ከኪሷ ክር አውጥታ አደለች። ስድስት ሴቶች ቋጠሩ፤ እሷም ቋጠረች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ስድስቱ ወደ ቀኝ ተኙ። የእሷ ወደ ግራ፣ ልክ እንደ አንሶላው።

«የመጋዘኑ ቁልፍ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቁልፉን... ቤት ረስቼው...» አለ የንብረት ኃላፊው።

«ወገብህ ላይ የሚንሿሿው ምንድነው፣ ቃጭል ነው?» አለች እትዬ ቋጠሮ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሱ ቁልፉን ከወገቡ ፈታ።

መጋዘኑ ተከፈተ። እውነትም ጣቃው እስከ ጣራ ተደርድሯል፤ አንድ ረድፍ ብቻ። ከኋላ ያለው ካርቶን ነው። እትዬ ቋጠሮ አንዱን በክርኗ ነካ ብታደርገው ክምሩ ሁሉ ተንዶ ወረደ። ባዶ።

ባለሙያው ያን መስመሩን ጠቀለለ። ሥራ አስኪያጁ ንብረቱ ተመርምሮ እስኪያልቅ ክፍሉ አይዘጋም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ግን የሥራ አስኪያጁ ድንጋጤ በሩ ከመከፈቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የመጣ መሰላትና ፊቱን በልቧ ያዘችው።

ቤት ገብታ ሁሉን ለምራቷ አወራችላት።

«ታዲያ የእናንተው ነው ማለት ነው?» አለች ምራት።

«የገዛ እጄ ነው።»

ምራት ፊቷ ጠቆረ። አንሶላውን ተቀብላ ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመረች። «ነገ እመልሰዋለሁ። አታላይ!»

«ጠዋት እንደ ሐር ነው ብለሽ አልነበር?»

«ጠዋት የውጭ ነበራ!»

አሮጊቷ ምራቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ኃላፊውን ጠርጥራ፣ ባለሱቁን ጠርጥራ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠርጥራ ነበር የመጣችው። የሌለው ጣቷ እንደገና አሳከካት።

«መልሺው ልጄ» አለች። «በምትኩ የሚሰጥሽንም ገልብጠሽ እዪው።»