ውሃ እንዳይነካው

«ይህን ምልክት ውሃ እንዳይነካው» ብለው ነበር አዲስ አበባ ያሉት የጨረር ባለሙያዎች። እህቴ ሀዋኒ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካወጡላት በኋላ፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ደረቷ ላይ በቀለም አሰመሩና «ተራሽ ሲደርስ እንደውላለን» ብለው ወደ ሮቤ መለሷት። ለዚያች ተራ ስንት ደጅ ጠንተናል! መጀመሪያ ጡቷ ቀልቶ ሲያብጥ ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» እያለ ዳማከሴ ሲያሻት ከረመ። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ አንዴ መድኃኒት የለም፣ አንዴ ማሽኑ ተበላሽቷል።

ትናንት ተደወለ። ሰኞ ጠዋት ግቡ ተባልን። ዛሬ ቲኬት ልቆርጥ መናኸሪያ ሄጄ ስመለስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የአባታችን እህት አዳዳ ሽቶ ከሲናና መጥተው ኖሯል። ሀዋኒ ከወገቧ በላይ ራቁቷን ሳፋው አጠገብ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ አንድም መስመር የለም።

«ምን አደረጉ አዳዳ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አደረግሁ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ? መንገደኛ ገላውን ሳይታጠብ፣ ቅቤ ሳይቀባ ከቤት ይወጣል እንዴ? ሰው የላትም ይበሉን? ደግሞ ያ እድፍ! በስንት ፍትጊያ ለቀቀልኝ።»

እድፍ አሉት! ወዲያው ሆስፒታሉ ደወልኩ።

«ምልክቱ ከሌለ በግምት ጨረር አንሰጥም» አለኝ ባለሙያው። «ይዘሻት ነይ፤ ልኬቱ እንደገና ይሠራል። ከዚያ አዲስ ተራ ትጠብቃለች።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን አሁን ልነግርሽ አልችልም።»

እሷ ተራ ስትጠብቅ ካንሰሩ አብሯት ይጠብቅ ይመስል! ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ ወደ ሀዋኒ ዞርኩ። «አንቺስ አፍ የለሽም? ይተዉ አትያቸውም ነበር?»

«ልል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እጃቸው ሞቀኝና ዝም አልኩ። ከተቆረጥኩ ወዲህ እዚህ ጋ የነካኝ ሁሉ በጓንት ነው። አንቺም ልብስ ስታቀብዪኝ ፊትሽን ታዞሪያለሽ።»

አዳዳ ሽቶ ፎጣውን እንደያዙ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ምን እንዳጠፉ አሁንም አልገባቸውም።

ፎጣውን ተቀበልኳቸው። አጠገቧ ተንበረከክሁና ጠባሳውን ማድረቅ ጀመርኩ።

«ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ያመኛል» አለችኝ።

የት የት እንደሚያማት እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።