የአማካይዋ ሽማግሌዎች

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ሲያበቃ አሰልጣኝ ወልደየሱስ ፌኔትን ለብቻዋ ጠራትና፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ቅዳሜ አጥቂ ሆነሽ ነው የምትገቢው» አላት።

ፌኔት ቀልድ መሰላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አማካይ ናት። ከተከላካዮች ኳስ ተቀብላ፣ ዞር ብላ፣ አጥቂዎቹ እግር ሥር ማድረስ ነው ሥራዋ። ጎል ፊት ስትቆም ግን እግሯ የተዋሰችው ይመስል አልታዘዝ ይላታል። እስከ ዛሬ ያገባችው አራት ጎል ነው፤ አንዱም ጀርባዋን ነክቶ የገባ ነው። ይባስ ብሎ ቅዳሜ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ጨዋታውን ሊያይ ይመጣል። ከብሔራዊ ቡድኑ አማካዮች አንዷ ጉልበቷን ተጎድታ ቦታው ክፍት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ለሞላት ፌኔት እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ አይመጣም።

«ኮች፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።» የፊሽካውን ገመድ በጣቱ ጠቀለለ። «ሽማግሌ መጣብኝ።»

«የምን ሽማግሌ?»

«ሦስት ሽማግሌ! ማክሰኞ፣ በዚያ ዝናብ፣ ቤቴ በር ላይ። ግቡ ብላቸው ‹ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንገባም፣ አንቀመጥም› አሉ። እኔ እህቴን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ እናቴን አዲስ ነጠላ አልብሼ አወጣኋት። ለካ ‹ልጃችንን ከፊት አሰልፍልን› ነው! ሽበታቸው ውሃ እያንጠባጠበ እምቢ ልበል?»

ማን እንደላካቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባቷ አቶ መገርሳ፣ ድሮ ራሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ የተሠራ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይጠብቃሉ። ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ደረሰችባቸው።

«አባዬ፣ ምን አደረግከኝ?»

«ምን አደረግኩሽ? ከኋላ አወጣሁሽ!» ፊታቸው በደስታ በርቷል። «ዘጠኝ ዓመት አየሁ። ኳሷን ታግለሽ ታመጫለሽ፣ ከዚያ ለሰው ትሰጫለሽ። አንቺ ታርሻለሽ፣ አንቺ ትዘሪያለሽ፣ ያቺ ባለ ቢጫ ጫማዋ መጥታ ታጭዳለች። ይሄ በደል አይደለም?»

«ሥራዬ እኮ ነው!»

«ሙህሲን ሱቅ ስቆም ‹ፌኔት ስንት ጎል አገባች?› ይሉኛል። ምን ልበል? ‹ሰጠች› ልበል?»

«አዎ! ‹ሰጠች› በላቸው!»

አቶ መገርሳ ቆባቸውን አወለቁ። ቅር ብሏቸዋል። «እኔ የላክሁትን ሽማግሌ እንዴት ብዬ ተመለስ እላለሁ? ከቻልሽ ራስሽ ንገሪያቸው።»

አርብ ጠዋት ፌኔት ሙህሲን ሱቅ ሄደች። ሦስቱም ሽማግሌዎች እዚያው አሉ፤ ባለሱቁ ሙህሲን በመስኮቱ፣ ጋሽ ጂራታና ጋሽ ገዳ ደጅ አግዳሚው ላይ። ሳሙናውን በረኛ፣ ክብሪቶቹን ተከላካይ፣ ብስኩቶቹን አጥቂ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ደረደረች።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አሉ ጋሽ ጂራታ።

«መሀል ያለችው ሻማ።»

«ታዲያ ሻማ ከፊት ነው የሚሄደው!»

«ልክ ነው፣ ከኋላ ለማን ያበራል?» አሉ ጋሽ ገዳ።

ፌኔት ግንባሯን ባንኮኒው ላይ አስደገፈች።

የሙህሲን ሚስት ዙለይኻ ከጓዳ ዕቃ እያራገፈች ስትሰማ ቆይታለች። «ጋሽ ጂራታ፣» አለች፣ «ይሄን ዘይት ከመርካቶ ተጋፍቶ የሚያመጣው ማነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚሸጠውስ?»

«ሙህሲን።»

«ሱቁን ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?»

ዙለይኻ ካርቶኑን ዘጭ አደረገችው። «አሥራ አራት ዓመት የሙህሲን ሱቅ! ልጅቷ የምትላችሁ ይሄንኑ ነው። እኔ መርካቶ ካልሄድኩ መስኮቱ ላይ ምን ይሸጣል?» ወደ ባሏ ዞረች። «ተነስ! ልጅቷን ቦታዋ መልሳት። አለዚያ ነገ መርካቶ አንተ ነህ የምትሄደው።»

ሙህሲን አንዴ ብቻ መርካቶ ሄዶ፣ ተታሎ የገዛው ሻማ እስከ ዛሬ ተሸጦ አላለቀም። ወዲያው ኮቱን ፈለገ።

ከሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሜዳው በር ብቅ ሲሉ ወልደየሱስ ከሩቅ ለያቸው። «አሁን ደግሞ በረኛ አድርጋት ሊሉኝ ነው!» ብሎ መልበሻ ክፍል ገባና ከውስጥ ቆለፈ። ሽማግሌዎቹ በሩ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

«አንቀመጥም!» አሉ ጋሽ ጂራታ።

«ማንም ተቀመጡ አላለም!» አለ ድምፁ ከውስጥ።

«ልጃችንን ወደ መሀል መልስልን!»

ከዚያ ቁልፉ ተሰማ፤ በሩ ገርበብ አለ። «ማክሰኞ ይሄን ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

ተጫዋቾቹን ሳቅ ገደላቸው። ፌኔት መለያዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች።

ቅዳሜ መሀል ገባች። ሁለት ለዜሮ አሸነፉ፤ ሁለቱንም ጎል ያገባችው ባለ ቢጫ ጫማዋ ናት፣ ለሁለቱም ኳስ ያቀበለቻት ፌኔት። ሕዝቡ የአግቢዋን ስም ሲጮህ አቶ መገርሳ ብድግ ብለው፣ «ማን ሰጣት? እስቲ ማን ሰጣት?» እያሉ የተቀመጠውን ሁሉ ጠየቁ። ከጠየቋቸው ሰዎች አንዱ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበር። ማስታወሻውን ሳይከድን፣ «አይቻለሁ አባቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

ሰኞ ዝርዝሩ ወጣ፤ በአማካዮች ረድፍ መጨረሻ ላይ ስሟ አለ። ፌኔት ለአባቷ ልትነግር እየሮጠች ሙህሲን ሱቅ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ሽማግሌዎቹ ከአባቷ ጋር ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል።

«ወዴት ነው?» አለች፣ ልቧ እየፈራ።

«መመረጥ ብቻውን ምን ያደርጋል?» አሉ አባቷ። «ተጠባባቂ ሊያስቀምጡሽ ይችላሉ። የሰውየው ቤት በየት በኩል ነው?»

«አባዬ፣ በፈጠረህ!»

ጋሽ ጂራታ ወደ ደመናው ቀና ብለው አዩና፣ «ሊዘንብ ነው፣ ጥሩ» ብለው ረኩ። ሙህሲን ይዞት የነበረውን ዣንጥላ መልሶ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠ።