ጭቃው ያቃተው

እና ደግሞ ፈገግ ይላል፣ ጸደንያዬ እዚህች ጋ ብቻ ፈርሚልኝ ይለኛል፣ ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ አንቺ ነበርኩ፣ ዛሬ የአበባ እርሻው ሰዎች ጎፋ ድረስ መጥተው በር ላይ ሪፖርት ሲጠብቁ ጸደንያዬ ሆንኩ። ሼም የለውም። አለቃዬ ዶክተር ደምሰው። ዶክተርነቱን ጭቃ ይብላው።

ሪፖርቱን አነባለሁ። የሐይቁ ደለል ናይትሮጅንን ከውሃው ያስወግዳል። እውነት ነው፣ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ፣ ዓሣ አጥማጁ በንቲ ጀልባውን እየቀዘፈልኝ ከወለሉ በቱቦ ያወጣሁት ጥቁር ጭቃ፣ የገማ እንቁላል የሚሸት፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሬት ይተነፍሱታል፣ ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል፣ ውሃው ይጠራል። ከዚህ ሰውዬ ይልቅ እነሱ ይሠራሉ።

ግን ገጽ አሥራ አንድ የለም። ናይትሬቱን እጥፍ ሳደርገው ጭቃው አቃተው፣ ግማሹን እንኳ አልጨረሰም፣ የተረፈው ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ብዬ የጻፍኩበት ገጽ። እርሻው ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚለቀውን ፍሳሽ እጥፍ ሊያደርግ ነው። ዶክተር፣ አንድ ገጽ ጎድሏል መሰለኝ፣ ይመልከቱት፣ እለዋለሁ፣ ኧረ ተይው የኔ እህት፣ አንባቢ ያደናግራል፣ ይላል። እህትህ አይደለሁም። በመስኮቱ ወያላው መካኒሳ መካኒሳ ይላል፣ ውረጂ፣ ግቢበት፣ ሂጂ፣ ምን አገባሽ፣ እላለሁ ለራሴ።

አገባኝ እንጂ። ባለፈው ወር በንቲ መቅዘፊያውን አቁሞ፣ እህቴ፣ ባለቤቴ ዙሌካ ጡቷ ደርቆ ለልጃችን የዱቄት ወተት በሐይቁ ውሃ ትበጠብጣለች፣ አፍልታ ነው፣ ይሆናል? ሲለኝ፣ ይሆናል፣ ጭቃው ያጣራዋል አልኩት፣ የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ይዤ፣ እንደ አዋቂ። ማፍላት ናይትሬትን አይነካውም። የሦስት ወር ልጅ፣ ናይትሬት ሲበዛባት ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ደምሰው ገጽ ቀደደ፣ እኔ ግን አፌን ከፈትኩ፣ ማን ይብሳል? እኔ። ደደብ።

እስክሪብቶውን ይሰጠኛል። እቀበለዋለሁ። ከፊርማው ቦታ በላይ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ናይትሬቱ እጥፍ ሲሆን ደለሉ ማስወገድ አልቻለም፣ ገጽ አሥራ አንድ ተነሥቷል፣ ከሥር እፈርማለሁ። ምን እያደረግሽ ነው? ይላል፣ ፈገግታው አሁን የለም፣ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ይዘረጋል፣ ወንበሩን በእግሬ እገፋበታለሁ፣ በሩን ከፍቼ ለሰዎቹ እራሴ እሰጣቸዋለሁ፣ የጎደለውን እሱን ጠይቁት።

ደረጃው ላይ ለበንቲ እደውላለሁ፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አንሣ፣ አንሣ በንቲ፣ ሄሎ እህቴ፣ ድምፁ ደኅና ነው፣ ልጅቷስ፣ ደኅና ናት ተኝታለች፣ ስማኝ፣ ያን ቀን የነገርኩህ ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሐይቁ አትስጧት። ታዲያ ውሃ ከየት እናምጣ? ይላል። ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ።